አሮጌ ላፕቶፕ ላለው ተማሪ ሊኑክስ ቅንጦት አይደለም

ሰሞኑን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እኔም ዘንድ የደረሰ አንድ ጽሑፍ፣ ኮምፒውተር መማር የሚጀምሩ የአዲስ አበባ ወጣቶች ሊኑክስ የተባለውን ነፃና ክፍት (ውስጡ ለማንም የሚታይ) ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዳይነኩ ይመክራል። ጸሐፊው ስድስት ምክንያት ያቀርባሉ፦ ሊኑክስ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ለሚጽፉ ባለሙያዎች እንጂ ለጀማሪ አይሆንም፤ ዊንዶውስም በእኛ ሀገር ያለ ክፍያ ስለሚገኝ የሊኑክስ ነፃ መሆን ትርፍ የለውም፤ አማርኛ አያስጽፍም፤ ያለ ጥሩ ኢንተርኔት አይንቀሳቀስም፤ ቀጣሪ አይጠይቀውም፤ ባለቤት የሌለው ነገር ደግሞ አይታመንም። ከዚህ ተነሥተው ትምህርት ቤቶች ከዊንዶውስ ሌላ እንዳያስተምሩ ይጠይቃሉ።

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ለጀማሪዎች ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ጸሐፊው ለወጣቱ ጊዜ መቆርቆራቸውን አከብራለሁ፤ አንዱን ነጥባቸውንም በከፊል እቀበላለሁ። ነገር ግን ምክራቸው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሊጠብቁት ያሰቡትን ልጅ ነው፤ አዲስ ማሽን መግዛት የማይችለውን፣ ከታላቅ ወንድሙ የተረፈ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣውን። ለዚህ ልጅ የሊኑክስን መሠረት መማር ኮምፒውተርን ከውስጡ ለማወቅ አጭሩና ርካሹ መንገድ ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። ጸሐፊው ያሉት ጥቁር መስኮት በእርግጥ አለ፤ ተርሚናል ይባላል። ተጠቃሚው ካልጠራው ግን አይመጣም። ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ስርጭት (ከነፕሮግራሞቹ ተሰናድቶ የሚታደል የሊኑክስ ዓይነት) የጫነ ሰው ማሽኑን ሲከፍት የሚያየው ከታች የተዘረጋ አሞሌ፣ በግራ ጥግ የፕሮግራሞች ዝርዝር መክፈቻና የፎልደር ምስሎች ነው። ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ አብረው ተጭነው ይመጣሉ። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ፊልም ለማየት፣ ኢንተርኔት ለመክፈት አንድም ትእዛዝ መጻፍ አያስፈልግም። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ሳይጭኑ መሞከር መቻሉ ነው። ሊኑክስ የተዘጋጀበትን ፍላሽ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል፤ «ጫን» የሚለውን ካልነኩ በስተቀር ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ይቆያል። ዋይፋዩ ይሠራ እንደሆነ፣ ድምፁ ይሰማ እንደሆነ አይቶ፣ ካልወደዱት ፍላሹን ነቅሎ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል?

ተርሚናሉን የማስተምረው በፍላጎት ነው፤ ከጀመሩት ተማሪዎች ግን የሚተወውን እምብዛም አላየሁም። ለመነሻ የሚበቁት ትእዛዞች ከአንድ ደርዘን አይበልጡም። «ፒደብሊውዲ» የት እንዳሉ ይነግራል፤ «ኤልኤስ» በዚያ ያለውን ይዘረዝራል፤ «ሲዲ» ወደ ሌላ ፎልደር ያሻግራል፤ «ሲፒ» ይቀዳል፤ «ኤምቪ» ያዘዋውራል፤ «ኤምኬዲር» አዲስ ፎልደር ይፈጥራል። «አርኤም» ይሰርዛል፤ ይህ ሲሰርዝ ወደ ቅርጫት ስለማይልክ ከመጫን በፊት መስመሩን ጮክ ብሎ ማንበብን አስለምዳለሁ። «ማን» (man) የተባለው ደግሞ የእያንዳንዱን ትእዛዝ መመሪያ እዚያው ማሽኑ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይከፍታል። እነዚህን የለመደ ልጅ ፋይሎች ሁሉ ከአንድ ሥር ተነሥተው እንደሚዘረጉ፣ የራሱ ፋይሎች «ሆም» በተባለው ቅርንጫፍ ሥር እንደሚቀመጡ፣ እያንዳንዱ ፋይልም ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌላው ሰው ሦስት ዓይነት ፈቃድ እንዳለው ይገባዋል፦ ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ። አንድ ፕሮግራም ሥርዓቱን ለመቀየር ለምን የይለፍ ቃል እንደሚጠይቀው የሚገባውም ያኔ ነው። በዊንዶውስ ብቻ የተማሩ ልጆች ይህን ጥያቄ «አዎ» ብለው ሲያልፉት ኖረው ምን እንደ ፈቀዱ አያውቁም።

አንድ ምሳሌ ላሳይ፤ በክፍል ውስጥ ዓይን የሚያበራው እሱ ነው። የተመዝጋቢዎች ስም ዝርዝር የያዘ ረጅም ፋይል አለ እንበል፤ ከእነዚያ ውስጥ ፀሐይ የሚባሉትን ሁሉ ፈልጉ እላቸዋለሁ። መዝጋቢዎቹ ብዙ ስለነበሩ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ»፣ አራተኛው «ጸሃይ» ብሎ ጽፏል። በተለመደው መፈለጊያ አንዱን ሲያገኙ ሦስቱ ያመልጣሉ። «ግሬፕ» (grep) በተባለው ትእዛዝ ግን በመጀመሪያው ፊደል ቦታ ሁለቱን ጸዎች፣ በሁለተኛው ቦታ የሀ ዘመዶችን በማዕዘን ቅንፍ ያስቀምጣሉ፣ [ፀጸ][ሐሀሃኀ]ይ ብለው፤ አራቱም በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ከኋላው የቁሙን መስመር | አስገብተው «ደብሊውሲ -ኤል» ሲጨምሩ ቁጥራቸው ይመጣል። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ልጅ በአንድ መስመር የሀገሩን የፊደል ችግር ፈታ ማለት ነው። ይህ ለባለሙያ ብቻ የተሰጠ ነገር ከሆነ፣ ባለሙያ መሆን ጸሐፊው ከሚያስቡት በላይ ቅርብ ነው።

ዊንዶውስን የቁልፎቹን ቦታ በማስታወስ ብቻ የተማረ ሰው፣ ፒያሳን በሕንፃ ምልክት ብቻ ያውቅ እንደነበረ ሰው ነው፤ ሕንፃዎቹ ሲፈርሱ መንገዱ ይጠፋዋል። አዲስ የዊንዶውስ እትም በወጣ ቁጥር ቁልፎቹ ቦታ ሲቀይሩ ተማሪዎች እንደገና ለሥልጠና ሲከፍሉ አያለሁ። «ኤልኤስ» እና «ሲፒ» ግን እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ከተጀመረው፣ ዩኒክስ ከተባለው ቀደምት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የወረዱ ናቸው፤ ዛሬም የሚሠሩት ያንኑ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ዊንዶውስም እዚህ ነፃ ነው የሚለው፣ ከሁሉም ያሳዘነኝ ነው። ጸሐፊው ነፃ የሚሉት ያለ ፈቃድ የተቀዳውን፣ በጥገና ሱቅ ፎርማት ሲደረግ አብሮ የሚጫነውን ነው። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ይህ የዕለት ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወጣቶቹ ጠጋኞችም እንጀራቸው ነውና አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የኮምፒውተር ፕሮግራም በሀገራችን በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው፤ አስተማሪ ሆኖ ይህን በጽሑፍ እንደ መፍትሔ ማቅረብ ለልጆች ምን እንደሚያስተምር ጸሐፊው እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። ከሕጉም ባሻገር ዋጋ አለው። ፈቃዱን ለመስበር የሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጸረ ቫይረሱን እንዲያጠፉላቸው ነው። ከዚያ በኋላ ምን አብሮ እንደ ገባ የሚያውቅ የለም።

የዚህን ውጤት በፍላሾቻችን ላይ እናየዋለን። ከተማሪዎቼ አንዷ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማሳተም ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ ፍላሿን ስትሰካ ፎልደሮቿ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለወጡ። የሱቁ ልጅ «ፎርማት ይደረግ» አላት። እያለቀሰች መጥታ «መምህር፣ ሁሉም ጠፋ» አለችኝ። ፍላሹን ሊኑክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሰካነው፤ ፎልደሯ እንዳለ ቁጭ ብሏል፤ ጎኑ የሐሰት ሾርትከቶቹና አንድ የማታውቀው ትንሽ ፋይል ተደርድረዋል። ቫይረሱ ያደረገው ነገር ቢኖር በእውነተኛው ፎልደር ላይ የዊንዶውስን «የተደበቀ» ምልክት ለጥፎ፣ በስሙ ራሱን የሚያስነሳ ሾርትከት ማስቀመጥ ነበር። ሊኑክስ ያንን ምልክት አይከተልም፤ ሾርትከቱንም አያስኬድም። የሐሰቶቹን ሰርዛ፣ ጽሑፏን ቀድታ ወጣች። ሊኑክስ ላይ ቫይረስ ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ካለ አትመኑት። የእኛን ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚያምሰው ዓይነት ግን እዚህ መነሻ የለውም፤ ፕሮግራሞችም ከማይታወቅ ፍላሽ ሳይሆን ከስርጭቱ የራሱ ማከማቻ ፊርማቸው ተረጋግጦ ስለሚመጡ አንድ ትልቅ በር ተዘግቷል።

እዚሁ ላይ ጸሐፊው ያልነኩት ነገር አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነ ፕሮሰሰሩ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ መሆን አለበት፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2017 መውጣት የጀመረ ነው። በከተማችን ያገለገለ ዕቃ ሱቆች ከሚሸጡት ላፕቶፖች ስንቱ ከዚያ በፊት የተሠራ መሆኑን በመደርደሪያው ፊት ቆሞ ማየት ይበቃል። ሊኑክስ ሚንት በትንሹ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፤ በምቾት ለመሥራት 4 ጊጋባይት ራም ይመከራል። ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ ገጽታው ለደካማ ማሽን የተሻለ ነው። ብዙዎቹ ለመጣል የተዘጋጁ ማሽኖች ይህን ያሟላሉ።

አማርኛ አያስጽፍም የሚለው ስሕተት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የጋራ መለኪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዩኒኮድን ካወቀ ፊደላችንን ያውቃል። ሊኑክስ ላይ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) በነፃ ይገኛሉ። በቁልፍ ሰሌዳ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን መጨመር፣ ወይም አይባስ ከተባለው ማስገቢያ ጋር «ሴራ» የተባለውን ዘዴ መምረጥ ይቻላል፤ በላቲን ቁልፎች ድምፁን ሲጽፉ ፊደሉ ይወጣል። ኪማን የተባለውን መጻፊያ ለለመደ ሰውም የሊኑክስ እትም አለው። ጸሐፊው ያዩት ችግር፣ የተላከላቸው ደብዳቤ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ መታየቱ፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ቅርጾች የተጻፉ ሰነዶች ችግር ነው፤ ያው ሰነድ ያ ቅርጽ በሌለበት ዊንዶውስ ላይም እንዲሁ ይበላሻል። ምናሌዎቹ ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ አለመተርጎማቸው ግን እውነት ነው። ከተማው ውስጥ አብዛኛው ሰው ዊንዶውስንም የሚጠቀመው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልዩነቱ የሊኑክስን ትርጉም ለመጨረስ የማንንም ኩባንያ ፈቃድ አለመጠየቁ ነው። አማርኛ የሚወዱ ተማሪዎች ቢገቡበት ደስ ይለኛል።

ኢንተርኔትን በተመለከተ ባጭሩ። የሊኑክስ ሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደው ሌላው ከእሱ ይቀዳል፤ ፈቃዱ ማባዛትንና መስጠትን ይፈቅዳል። እኛ ዘንድ ዘፈንና ፊልም በፍላሽ የሚዞረውን ያህል ይህም ይዞራል፤ ያውም በንጹሕ ኅሊና። ፋይሉ በመንገድ አለመበላሸቱን በ«ሻ256» የቁጥር ማረጋገጫ መፈተሽ ይቻላል፤ ይህም ራሱ ጥሩ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ተጨማሪ ፕሮግራም ለመጫንና ለማዘመን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ዊንዶውስም እንደዚሁ ነው። ሚንት ግን ዝማኔ መኖሩን ያሳውቃል እንጂ እርስዎ ካልፈቀዱ በራሱ አውርዶ የሞባይል ጥቅልዎን አይጨርስም።

አሁን ወደ ቀጣሪዎች ልምጣ። እዚህ ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ። የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ሲወጣ ፒችትሪ ይጠየቃል፤ ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አርክቴክት የሚሆን ልጅ አውቶካድ፣ ማስታወቂያ የሚሠራ ልጅ ፎቶሾፕ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም። አንዳንድ የካኖን ሌዘር ማተሚያዎችም ሊኑክስ ላይ ያስቸግራሉ። እነዚህን ሙያዎች የመረጠ ተማሪ ዊንዶውስን መተው የለበትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ጭኖ ሲያስነሳ የሚፈልገውን መምረጥ ይችላል። ሰነዶቹን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ቀድቶ ማስቀመጥ ግን ግዴታ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ቀጣሪ ሁሉ ሊኑክስን አይፈልግም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጸሐፊው የተመለከቱት የጽሕፈት ጠረጴዛውን ብቻ ነው። ከኋላ ሆነው ብዙ ማሽኖችን የሚያገለግሉትን ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨሮቹን፣ አላዩም። በዓለም ላይ ያሉት 500 ኃያላን ኮምፒውተሮች እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የዊንዶውስ ባለቤት ማይክሮሶፍት ራሱ ለደንበኞቹ በሚያከራየው፣ አዙር በተባለው የሰርቨር አገልግሎት ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሥራ የሊኑክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮም በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚሠራበትን ክፍል አስገብቷል። በሀገራችን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የአንድሮይድ ፕሮግራም ሥራ ነው፤ አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ከርነል (እምብርት) ላይ ነው። ይህን ኮርስ ለሚወስድ ልጅ የፋይል ፈቃድና የተርሚናል ዕውቀት ከንቱ አይሆንበትም። መሠረቱን በነፃ የሚያስተምሩ ኮርሶችንም ሊኑክስ ፋውንዴሽንና የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ይሰጣሉ። ወጣቶቻችን ላፕቶፕ ይዘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጡ ከሚከፍቷቸው ነገሮች አንዱ እነዚህ ቢሆኑ እወዳለሁ።

የቀረው ባለቤት የለውም የሚለው ነው። ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ፣ ያኔ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 ሥራውን ሲያሳውቅ ለራሱ ፍላጎት የሚሠራው ትንሽ ነገር መሆኑን ነበር የተናገረው። በቀጣዩ ዓመት በጂኤንዩ ፈቃድ ሥር አወጣው። ያ ፈቃድ አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ፍሬ ነው፤ ማንም ፕሮግራሙን እንዲያስኬድ፣ እንዲያጠና፣ እንዲለውጥና እንዲያካፍል መብት ይሰጣል። ዛሬ በከርነሉ ላይ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚሠሩት የኢንቴል፣ የሬድ ሃት፣ የጎግል መሐንዲሶች ናቸው። ስለዚህ ኃላፊነት የሚወስድ የለም ማለት አይቻልም።

ስለ መታመን ከተነሣ ደግሞ የኤክስዜድን ታሪክ ማንሣት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ፣ በማይክሮሶፍት የሚሠራ መሐንዲስ፣ ከርቀት ወደ አንድ ማሽን ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተዋለ። ምክንያቱን ሲቆፍር ኤክስዜድ በተባለው ፋይል ማሸጊያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር (ስውር መግቢያ) አገኘ። ነገሩ ወደ ዋና ዋናዎቹ የተረጋጉ ስርጭቶች ሳይደርስ ተያዘ። አደጋው ከባድ ነበር፤ ክፍት መሆን ብቻውን እንደማይጠብቅም አሳይቷል። ያም ሆኖ አንድ የሌላ ኩባንያ ሠራተኛ የማንንም በር ሳያንኳኳ የፕሮግራሙን ውስጥ ከፍቶ ማየት ባይችል ያቺ ግማሽ ሰከንድ ምክንያቷ ሳይታወቅ ታልፍ ነበር።

ጸሐፊው ትምህርት ቤቶችን ስለ ጠሩ እኔም አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። በየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ጥግ፣ «ዊንዶውስ አልችል ብሏቸው» አቧራ የሚጠጡ ማሽኖች አሉ። በሕንድ የኬራላ ክልል የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ያስተማሩት በነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ሊሆን የሚችል መሆኑ ታይቷል። ከተጣሉት ውስጥ 2 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ማሽን ይምረጡ፤ በፍላሽ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ያስነሡበት፤ አጠገቡ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አስቀምጠው ከላይ የጻፍሁትን የፀሐይን ፍለጋ ይስጡት። ፍላሹን የሚያዘጋጅ ከጠፋ አራት ኪሎ ድረስ ይላኩልኝ፤ እኔ አዘጋጅላቸዋለሁ።